«በኋላ አስታውሰኝ»

ጥቅምት 11

ለአክስቴ ልጅ፣ ለአቶ ቆይ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ ሆዷ ገፍቶ መራመድ ከበዳት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን የመድኃኒት መኪናው ሹፌር ከጓንት ካርቶኖች ጋር አንድ ላይ አስረከበኝ። እጮኛዬ መስለኸዋል። የአክስቴ ልጅ ነው ስለው «በዚህ ዘመን ለአክስቱ ልጅ ወረቀት የሚጽፍ ወንድ የት ይገኛል?» ብሎ ሳቀብኝ። ስደውልልህ ስለማታነሳ ነው አላልኩትም። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ማን እንደሚያነበው ደግሞ እኔና አንተ እናውቃለን፤ የዘረጋነው እኛው ነን። ስለዚህ ወረቀት ይሁን።

ለጥያቄዎችህ ልመልስ። አዎ፣ ቤት አግኝቻለሁ። ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናው ሲሰፋ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። አዎ፣ እበላለሁ። አልከሳሁም። ሥራዬን ለጠየቅኸኝ፣ ካርድ ክፍል ነኝ። ታካሚ ሲመጣ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ላይ እከፍታለሁ፣ ወደ ሐኪሙ እልካለሁ። በድርጅቱ ክሊኒኮች ሁሉ ያሉትን ኮምፒውተሮች ከአንድ ወንበር ሆኜ አስተዳድር የነበርኩት ሴት፣ አሁን በአንዱ ላይ የሰዓቱን አቆጣጠር እንኳ ለመቀየር ፈቃድ የለኝም።

አጠገቤ የሚቀመጡት ሴት በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። እትዬ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ያቺ ኮምፒውተር ያበላሸችው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም» አልኩ። «ያበላሸው ሌላ ሰው ነው። የተቀጣሁት እኔ ነኝ።»

«የተቀጣ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው» ብለው ሻያቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ክፋት የለባቸውም።

አሁን ደግሞ «ያለፈውን ብንተወው» ላልከው። አልተወውም፤ ረስተኸው እንደሆነም ላስታውስህ። የታካሚ ካርድ የሚከፍተውን ፕሮግራም አዲሱን ማሻሻያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እኛው ቢሮ ያሉት ማሽኖች ላይ ሞከርነው፤ ሠራ። እኔ ደግሞ ለሁሉም ከመላካችን በፊት አንድ እውነተኛ ክሊኒክ ላይ እንየው አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ «አልቋል» ብሎ ስለተናገረ «ዛሬውኑ ለሁሉም ይላክ» አለ። አልልክም አልኩት። ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ፤ ተናድጄ ስለነበር ኮምፒውተሬን አልቆለፍኩትም። እሱ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ «ሙከራ» የሚለውን «ሁሉም» አደረገው፣ ላከው። በስሜ። በማግስቱ፣ አሮጌው እስኪመለስ ድረስ፣ በየክሊኒኩ ካርድ አልከፈት አለ። ይህንን ሁሉ አንተ ፊት ለፊት ተቀምጠህ አይተሃል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠይቅህ ግን «ስልክ እያነጋገርኩ ስለነበር አላየሁም» አልክ። ስወጣም ስመለስም ስልኩ ጆሮህ ላይ እንደነበረ እውነት ነው። ከጆሮህ ስታወርደው ግን ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር። ስልኩ ውስጥ ሰው አልነበረም።

እማዬ «ልጄ በሥራዋ አድጋ ነው የሄደችው» እያለች ለጎረቤት እንደምታወራ ጽፈህልኛል። አታርማት። ይግባኜ ሲወሰን እኔው እነግራታለሁ።

ተናድጃለሁ ወይ? አዎ። እማዬን ስለምትጠይቅልኝ ደግሞ አመሰግንሃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ? እሱን አልጻፍክልኝም። እንደ ልማድህ «ቆይ» እንዳትለኝ፤ ልጅ ሳለን ዳኛ ያላችሁኝ በከንቱ አይደለም።

ዳኛችሁ

ጥቅምት 26

ለዳኛችን፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ልብስ ሰፊው ቢያንስ አልፎ አልፎ ያርፋል? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደረጃ መዝለሉን ትታለች፤ አሁን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እኔን ታዛለች።

አክስቴን እሁድ አየኋት። ጉልበቷ ተሽሏታል፤ የጓሮውን በር ማጠፊያ ቀየርኩላት። «ልጄ እዚያ ስንት ሰው ነው የምታዝዘው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? «ካርድ ክፍሉን በሙሉ» አልኳት። ደስ ብሏት ለእኔ ተብሎ ያልተቀመጠ ብስኩት አወጣችልኝ። ግማሹን በልቼ ግማሹን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ስለ ወንበሩ ላልሽው፣ ክፍሉ ውስጥ ለውጥ አለ፤ ገና አልጠራም። ሲጠራ እጽፍልሻለሁ። ዘበኛችን ሰላም ብሎሻል። አሁንም ማታ ማታ ፎቅ በፎቅ መብራቱንም ሶኬቱንም እየዘጋ ይወርዳል፤ ትናንት ያላስቀመጥኩት ሥራ አጠፋብኝ። «ያቺ ልጅ ቢያንስ በጊዜ ነበር የምትወጣው» አለኝ፣ ጭራሽ ጥፋተኛው እኔ ሆኜ።

ስልኩን በተመለከተ ልመልስልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ኮንትራቴ ገና ቋሚ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ይህ ሰበብ ነው ትይኛለሽ፤ ገና ሳትጽፊው ድምፅሽ ይሰማኛል። ይቅርታ የሚለውን ቃል ደግሞ በሹፌር መላክ አፈርኩ።

ቆይ

ኅዳር 9

ለአቶ ቆይ፤

ሰላም ላንተና ለባለቤትህ። ከደብዳቤህ ጋር የላክኸው የእማዬ ሹራብ ደርሶኛል፤ እጁ ረዝሟል፤ እማዬ እኔ አሁንም የማድግ ይመስላታል።

ሁለት ነገር አገኘሁ። በመጀመሪያ የሚጠቅምህን ልንገርህ።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩ ፈዞብኝ አጥፍቼ ላስነሳው እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። ማጥፊያው ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። በቀይ እስክሪብቶ «አይነካም» ተብሎ ተጽፎበታል። እትዬ እጄን ቸብ አደረጉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«አይጠፋም።»

«ማታ ስንወጣስ?»

«ስክሪኑን ብቻ ነው የምናጠፋው።»

«እና ይሄ ኮምፒውተር ጠፍቶ የሚያውቀው መቼ ነው?»

«አንዴ ጠፋ። እስኪነሳ ረፋዱ አለፈ። የተሰለፈው ሰው ማንን የሰደበ ይመስልሻል፣ እናንተን? እኔን ነው። 'ሻይ እየጠጣች ነው' አሉኝ፤ ሻይዬን እንኳ አልነካሁም ነበር። በማግስቱ ፕላስተሩን ለጠፍኩት።»

ይህን እያወሩኝ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሿ መልእክት ብቅ አለች፤ ማሻሻያው እንዲጨርስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳ የምትለዋ። ሳያዩዋት «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ተጫኑ። ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው «ስትመጣ ሁሉ» አሉኝ። ላቦራቶሪ ሄጄ አየሁ፤ ፕላስተር። መርፌ ክፍል፤ ፕላስተር። ሹፌሩን ጠየቅኩት፤ በሚዞርባቸው ክሊኒኮች ሁሉ አለ። እንዲያውም አንዱ ጋ ተደራርቦ ከመለጠፉ የቁስል ስፌት ነው የሚመስለው አለኝ።

ገባህ? እዚህ ያሉት ማሽኖች ላይ ያለፈው ማሻሻያ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ደጅ ቆሟል፤ ከሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው። ጠፍተው ሳይነሱ አዲስ ሲጫንባቸው አሮጌውና አዲሱ ተቆላልፈው ይቀራሉ። የኛ ቢሮ ማሽኖች ለምን ደህና ሆኑ? ዘበኛችን። ስንት ጊዜ ተጣላነው፣ ሥራችንን አጠፋህ እያልን። ሰውየው በየማታው ሶኬት ሲዘጋ ሳያውቅ ማሽኖቻችንን ሲፈውስ ኖሯል፤ እኛም ሙከራችን የተሳካ መሰለን። አንድ ክሊኒክ ላይ እንየው ስል ይህን አውቄ አልነበረም። የማላውቀው ነገር እንደሚኖር ግን አውቅ ነበር። የተጣላሁት ለዚያ ነው።

ሁለተኛው። መልእክቷ ግርጌ ላይ፣ ድሮ የእኔ ስም ይወጣ በነበረበት፣ «የላከው» ይላል። አጠገቡ ያንተ ስም አለ።

ወንበሬ ላይ ማን እንደተቀመጠ አሁን አወቅሁ። ከአንተ መስማት ነበረብኝ፤ ከኮምፒውተር ሰማሁ። አንድ ቤት አድገን፣ አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን ተኝተን፣ አንተ እንኳ የእኔን ብስኩት ስትወስድ ነግረኸኝ ነበር የምትወስደው።

ይግባኜ ታኅሣሥ ውስጥ ይታያል። ምንም አልጠይቅህም። እንድታውቀው ያህል ነው የጻፍኩልህ።

ዳኛችሁ

ኅዳር 27

ለአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ወንበሩ የጻፍከውን አነበብኩ። አንተ እንዳልጠየቅከው፣ ጠርተው እንደሰጡህ አምናለሁ። አይሆንም ማለት ትችል እንደነበረም አምናለሁ። በዚህ እንለፈው።

ለጥያቄህ። አዎ፣ እንደገና ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከላካችሁት እንደገና ይቆማል። ኃላፊው ክሊኒኮቹን የሚጎበኙት እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ይለቅ ማለቱ ምንም አይለውጥም፤ ማሽኖቹ የእንግዳ መምጣት አያውቁም። ፕላስተሩ ያለበት ሁሉ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ባንተ ስም።

እውነቱን ልንገርህ፤ ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ይህን መልስ ሳልጽፍ ዋልኩ። ዝም ብል ምን ይሆናል እያልኩ። ይቁም፤ ኮሚቴው በዓይኑ ይየው፤ እኔ እዚህ እያለሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገር። ይግባኜም ምስክር አያስፈልገውም። እቅዱ ያምር ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬን ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድኩ። ያኔ ካርድ የቆመ ቀን እዚህ ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር፤ ጠየቅኳቸው። አንዲት አሮጊት ሳንባቸውን ታመው መጥተው ነበር። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ካርዳቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ካርዱ ግን አይከፈትም። መርፌው ተስቦ ነበር። ነርሷ ዝም ብሎ ቅር ስላላት ውጭ የቆመችውን ልጃቸውን ጠርታ ጠየቀች። ልጅቷ ጮኸች። ይኸው ነው፤ አሮጊቷ ዛሬም አሉ፣ በየጊዜው እየመጡ እትዬን ይጨቀጭቃሉ። ልጃቸው በዚያች ደቂቃ ውሃ ልትገዛ ሄዳ ቢሆንስ?

ስለዚህ ስማ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን አትላክ። የቱ ማሽን ጠፍቶ መነሳት እየጠበቀ እንደሆነ ብቻ አጣርቶ የሚነግርህ ትንሽ ነገር ላክ። የሚጠብቁትን በምሳ ሰዓት፣ ካርድ ክፍል በሚዘጋበት፣ አጥፍተህ አስነሳ። ከአንዴ በላይ ያስፈልጋቸዋል፤ ደጅ የቆመው ብዙ ነው። ከዚያ አንድ ክሊኒክ። ሰንብተህ እይ። ከዚያ ቅርብ ያሉትን ጥቂቶች፣ ከዚያ የቀሩትን። መልእክቷ ላይ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን አውጣው፤ በምትኩ ሰው ራሱ ሰዓት ይምረጥ። ሠራተኛው ማሻሻያ ጠልቶ አይደለም፤ ሰልፉ ፊት የሚቆመው እሱ ስለሆነ ነው። ሰዓቱን ቢሰጡት ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ እኛ እንሁን። እትዬን አናግሬያቸዋለሁ።

«ፕላስተሩ ይነሳ?» አሉኝ።

«በምሳ ሰዓት ብቻ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

«ኮምፒውተሩ ባይነሳስ?»

«ሰልፈኛው እኔን ይስደብ። መስኮቱ ላይ እኔ እቆማለሁ።»

«አንቺማ መሰደብ ለምደሻል» አሉና አሰቡ፤ ከዚያ «አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንድትመሰክርልኝ አይደለም። በዚህ መልስ ምስክርነት ብገዛህ፣ ኮሚቴው ፊት የምትናገረው እውነት ሳይሆን የከፈልከኝ ዕዳ ይሆናል። እኔ እውነቱን ነው የምፈልገው። እሱን ከሰጠኸኝ ከራስህ አውጥተህ ስጠኝ። ካልሰጠኸኝም ካርዶቹ ይከፈቱ።

ዳኛችሁ

ታኅሣሥ 12

ለዳኛችን፤

ልጄ ተወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። እንደ አንቺ ግንባሯን ቋጥራ ነው የመጣችው፤ አክስቴ አቅፋት «ይቺስ ማንን ልትከስ ነው?» አለች። ስሟ ገና አልወጣም።

እናንተ ጋ የተላከው መሥራቱን ካንቺ ቀድሜ በስክሪኔ አየሁ። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መርፌ ክፍል፣ ሁሉም አረንጓዴ። እትዬሽን እጅ ነሺልኝ። ቅርብ ያሉት ክሊኒኮችም አልፈዋል። ሁለት ማሽን ብቻ አስቸገረኝ፤ አንደኛው ሹፌሩ ስፌት የሚመስል ያለሽ ነው።

ኃላፊው በየቀኑ ይመጣል። «አሁን ለሁሉም ልቀቀው» ሲለኝ «ቆይ» አልኩት። በሕይወቴ ቆይ ብዬ ሰው ሲቆይልኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ማነው ይህን አካሄድ ያስተማረህ?» አለኝ። «እሷ ናት» አልኩ። በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ተነስቼ ዘጋሁት።

ሐሙስ ኮሚቴው በይግባኝሽ ጉዳይ ጠርቶኛል። ምን እንደምል እዚህ ላይ አልጽፍም። ጽፌ ሳልለው ብቀር ይባስ አፍራለሁ።

ለቀሩት ክሊኒኮች ማሻሻያውን በምልክበት ቀን መልእክቱ የእናንተም ማሽን ላይ ይወጣል፤ ለሁሉም ነው። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ቆይ

ታኅሣሥ 24

ለአክስቴ ልጅ፤

እንኳን ደስ ያለህ፣ አስቀድሞ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነው። ባለቤትህን በእኔ ስም ሳም አድርግልኝ። ስለ ግንባሯ ያልከውን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግንባር ቋጥሮ መምጣት ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ መጣበት ብለው ቶሎ ያስተኙታል።

ኮሚቴው ምን እንዳልክ አልነገረኝም። እስከ ትናንት የደረሰኝ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ የማውቀው ስክሪን ላይ ያነበብኩትን ነው።

ረፋድ ላይ ነበር። ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ አሮጊቷም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እትዬን ይጨቀጭቃሉ። መልእክቷ ብቅ አለች። እትዬ በልማድ እጃቸው ወደ ጥጓ ሄደ፣ «በኋላ» የሚለውን አጡት። «ምን አድርገውት ነው?» ብለው መነጽራቸውን አወረዱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ማሻሻያው ምን እንደሚያደርግ፣ ሰዓት እንዴት እንደሚመረጥ። ከዚያ ከታች ያለውን።

«ያለፈው ማሻሻያ ለሁሉም ክሊኒኮች በአንድ ጊዜ የተላከው በክፍሉ ኃላፊ እጅ ነው። ያዘጋጀችው ባለሙያ አልልክም ብላ ተነስታ ነበር። እኔ በቦታው ነበርኩ፣ አይቻለሁ፤ ስልክ እያነጋገርኩ አልነበረም። የዛሬው አካሄድ የእሷ ነው።»

ላቦራቶሪ ያለው ልጅም ያንኑ እያነበበ መሆኑን ያወቅሁት ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ በግድግዳው ስለሰማሁ ነው። በየክሊኒኩ፣ በዋናው ቢሮ፣ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ያው ጽሑፍ ነበር። ያኔ ሦስት የኮሚቴ አባላት ፊት መናገር የከበደህን ነገር ለሁሉም ማሽን ነገርከው። ሌላ ሰው ቢሆን ከትንሹ ይጀምር ነበር።

እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«ሰዓቱን ይምረጡ እትዬ፤ ሰው ተሰልፏል።»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«እኔ ነኝ።»

የምሳ ሰዓትን መረጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ልጠው አነሱት፣ ሻያቸውን ወደ እኔ ገፉት፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። አሮጊቷ «ምንድነው የተነበበው?» ብለው ቢጠይቁ እትዬ «የልጅቷ ጉዳይ ነው፤ ጥፋት የለባትም» አሏቸው፣ ከድሮም እሳቸው ያሉት ነገር ይመስል።

ኮሚቴው የሚለውን ይበል። ቢመልሱኝ እመለሳለሁ፣ ወንበሬ ላይም እቀመጣለሁ፤ አንተ ሌላ ወንበር ትፈልጋለህ። ባይመልሱኝ እንደገና እከሳለሁ፤ አሁን ምስክር አለኝ። አንተን ደግሞ ለዚያ ጽሑፍ ወዴት እንደሚልኩህ አላውቅም። እዚህ ካርድ ክፍል አንድ ትርፍ ወንበር አለ። እግሩ ይንገዳገዳል፤ ወረቀት አጥፌ ከሥሩ አስገብቻለሁ።

የተናደድኩት አልለቀቀኝም፤ ዋሽቼ አልጽፍልህም። ግን ከልብስ ሰፊው ጋር እየተንቀጠቀጥኩ ይህን ስጽፍልህ ፈገግ እያልኩ ነው፤ እሱንም አልዋሽህም።

እማዬ ጋ ሂድ። እኔው እነግራታለሁ ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ አንተ ንገራት፣ አድጌ እንዳልሄድኩ፣ ለምን እንደሄድኩ። ብስኩት ብታወጣልህ ከነገርካት በኋላ ብላ።

ሹፌሩ ይህን ባደረሰልህ ማግስት እደውልልሃለሁ። አንሳው። በዚህኛው ስልክ ውስጥ ሰው አለ።

ዳኛችሁ